ዋጋ መቁረጥ ወይስ መንገድ መክፈት? የመንግሥት እጅ በጨፋ ሮቢት ገበያ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በከተሞች የተስፋፋው «የእሑድ ገበያ» አምራቹና ሸማቹ ያለ ደላላ የሚገናኙበት መላ ተደርጎ ሲነገርለት ቆይቷል። ለእኛ አካባቢ ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። ሰንበቴ ስሟን ያገኘችው ከሰንበት ነው፤ ገበያዋም እሑድ ይቆማል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። የጨፋ ሮቢት ስም ራሱ ረቡዕን ያስታውሳል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩና አርጎባው በእነዚህ ገበያዎች ማሽላውን ከፍየሉ፣ ቅቤውን ከጨርቁ ሲያገናኝ የኖረው የትኛውም ሚኒስቴር ሳያቋቁመው ነው።

ገበያው መንግሥት ሳይፈጥረው የቆመ ከሆነ፣ መንግሥት ለገበያው ምን ያደርጋል? ኑሮ በተወደደ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል። ከአንድ ወገን «መንግሥት ዝም ካለ ነጋዴው ይበላናል» ይባላል። ከሌላው ወገን «መንግሥት እጁን ካስገባ ዕቃው ይጠፋል» ይባላል። ሁለቱም ስጋት መሠረት አለው። ወሎ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ያየ አገር ስለሆነ፣ ክርክሩን ከሩቅ አገር መጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ታሪክ መጀመር ይቻላል።

ገበያው ለብቻው ሲተው

በ1965 ወሎን የመታው ረሃብ በአካባቢያችን ከወላጅ ወደ ልጅ ሲነገር የመጣ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው በአገሪቱ እህል ጠፍቶ ሕዝቡ እንዳለቀ ነው። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ በ1981 ባሳተመው «ድህነትና ረሃብ» በተሰኘ ጥናቱ የወሎን ረሃብ መርምሮ የደረሰበት ግን ሌላ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረው የእህል ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። ይባስ ብሎ ሰዉ እየተራበ ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የወጣ እህልም ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋበት የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ። ገንዘብ የሌለው ሰው ረሃብ ደግሞ በገበያ ላይ አይታይም፤ ገበያ የሚሰማው የሚከፍለውን ሰው ነው። አርብቶ አደሩ የተጎዳው በሌላም በኩል ነበር። በአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች የበጋ ግጦሹን ወስደውበት ነበር። ከብቱ ሲከሳ ዋጋው ወረደ፤ ስለዚህ በአንድ ከብት የሚገዛው እህል እያነሰ ሄደ። የተራበው ሕዝብ የፈሰሰው ወደ ዋናው የአስፋልት መንገድ ነበር። ጨፋ ሮቢትና ከሚሴም ያሉት በዚያው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ነው።

ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ዋጋ ሳይንር፣ መንገድ ሳይዘጋ፣ ነጋዴ ሳይደብቅም ሰው ሊራብ ይችላል። የመግዛት አቅም ሲሞት ገበያው ብቻውን አያድንም፤ የዚያን ጊዜው መንግሥት ደግሞ ረሃቡን መደበቅን መረጠ።

ገበያው ሲታሰር

ደርግ ከዚህ ትምህርት የወሰደው ተቃራኒውን ጫፍ ነበር። በ1968 የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን በመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ኮታ ተጣለበት። የግል ነጋዴውም የገዛውን ያህል ሳይሆን የተፈቀደለትን ያህል ብቻ እንዲነግድ ሆነ፤ ትርፍ አምራች በነበሩት በጎጃምና በአርሲ የሰበሰበውን ሁሉ ለድርጅቱ እንዲያስረክብ የተደረገበት ጊዜ ነበር። እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳይንቀሳቀስ በኬላ ይያዝ ነበር።

የተቆረጠው ዋጋ ከገበያው በታች ስለነበር ገበሬው የሚያመርተውን ከመጨመር ይልቅ መደበቁን ተማረ። ትርፍ ያለበት አካባቢ እህል ረክሶ ሲቀመጥ፣ እጥረት ያለበት አካባቢ ይወደድ ነበር፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ነጋዴ ኬላ ላይ ቆሟልና። በ1977 ረሃብ ወሎ እንደገና ሲመታ አገሪቱ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነበረች። ድርቁንና ጦርነቱን ኮታው ብቻውን አላመጣቸውም። ነገር ግን እህል ወደ ተራበው እንዲሄድ የሚያደርገውን መንገድ ሥርዓቱ ራሱ አጥብቦት ነበር። በየካቲት 1982 ደርግ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ ኮታውና የእህል እንቅስቃሴ እገዳው ተነሳ።

ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው፤ ዋጋን በትእዛዝ ማውረድ ይቻላል፣ ዕቃውን ግን በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም።

የቅርብ ጊዜው ተደጋጋሚ ስህተት

ይህ ትምህርት ቶሎ ይረሳል። በ2003 አጋማሽ ላይ መንግሥት ስኳር፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ ሥጋና ሩዝ ጨምሮ በአሥራ ሰባት ገደማ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ብዙዎቹ ሸቀጦች ከመደርደሪያ ጠፉ፤ ሰልፍና ጓሮ ሽያጭ ነገሠ። ከወራት በኋላ ጣሪያው ከጥቂቶቹ በስተቀር ተነሳ። በዚያው ዓመት ክረምት የዋጋ ንረቱ 40 በመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር። የንረቱ ምንጭ የገንዘብ አቅርቦቱና የምርት እጥረቱ ስለነበር የሱቅ ዋጋ መለጠፍ አላቆመውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ሰሞን «ያለአግባብ ዋጋ ጨምረዋል» የተባሉ በርካታ ሱቆች በየከተማው ታሸጉ። አንዳንዱ ነጋዴ በእርግጥ ቀድሞ በርካሽ ያስገባውን ዕቃ በአዲስ ዋጋ ሸጧል። ነገር ግን ነጋዴው ዕቃውን ሸጦ የሚተካው በአዲሱ ምንዛሪ ነው። በአሮጌው ዋጋ ሽጥ ከተባለ በቀጣዩ ወር መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ ሱቁ ሲታሸግ ደግሞ በዚያ ሰፈር ከነበሩት ተፎካካሪዎች አንዱ ቀነሰ ማለት ነው።

የመዲና ገበያ መለኪያ

ይህ ጥያቄ ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ አይደለም። በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሰሓቦች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ እንዲቆርጡላቸው ጠይቀዋቸው ነበር። እርሳቸው ግን አልተቀበሉትም፤ ዋጋ በአላህ እጅ መሆኑን፣ በማንም ሰው ገንዘብ ላይ በደል ፈጽመው ጌታቸውን መገናኘት እንደማይፈልጉ ገለጹ። ይህ ማለት ግን ገበያውን ለቀቁት ማለት አይደለም። ሚዛን ማጉደልን፣ ሰው በተቸገረ ጊዜ እህል ማከማቸትን፣ ለመግዛት ሳያስቡ ዋጋ ማናርን ከልክለዋል። እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ሲያገኙትም ሻጩን ገሥጸዋል።

ለእኛ ገበያ በተለይ የሚቀርበው ክልከላ ደግሞ ከገጠር የሚመጣውን ነጋዴ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን የሚመለከተው ነው። መንገደኛው የገበያውን ዋጋ ገና አላወቀምና ይታለላል።

ከብዙ ዘመን በኋላ ኢብን ተይሚያ ስለ ሒስባ ሲጽፉ ጉዳዩን በሁለት ከፈሉት። ዋጋው የናረው ምርት ስላነሰ ወይም ፈላጊ ስለበዛ ከሆነ፣ ሰውን በተወሰነ ዋጋ ሽጥ ብሎ ማስገደድ በደል ነው። ዋጋው የናረው ጥቂቶች ተማክረው ወይም ዕቃውን ይዘው ስለጠበቁ ከሆነ ግን ጣልቃ መግባት የሹም ግዴታ ነው። ስለዚህ ሹሙ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ዋጋው ስንት ደረሰ?» ብሎ ሳይሆን «ለምን ደረሰ?» ብሎ ነው።

ጨፋ ሮቢት ላይ ዋጋው የሚሰበረው የት ነው?

በዚህ መለኪያ የራሳችንን ገበያ እንመልከት። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ በበጋ የአፋርም የኦሮሞም የአርጎባም ከብት የሚሰበሰብበት ነው። አካባቢው ማሽላ፣ ጤፍ፣ በቆሎና ማሾ ያመርታል። አዲስ አበባ ከከሚሴ ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ነው። ታዲያ አርቢው የሚሸጥበትና ሸማቹ የሚገዛበት ዋጋ ለምን ይህን ያህል ይራራቃል?

አንደኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራ ቆሬ፣ ጨፋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፦ ይህ መስመር በ2013 ግጭት፣ በ2014 ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። መንገዱ ክፍት በሆነባቸው ቀናትም ኬላ አለ። የኬላ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በ2015 አዲስ አበባ ላይ ጤፍ ሲወደድ ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ የጫኑ መኪኖች በየኬላው መያዛቸው ነበር።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር እናስቀምጥ። አንድ ነጋዴ ለአረፋ 40 በግ ጭኖ ሲሄድ ለየኬላውና ለስጋቱ ሲባል ለሚጨመረው የመኪና ኪራይ 20,000 ብር ቢያወጣ፣ በእያንዳንዱ በግ ላይ 500 ብር ተጨመረ ማለት ነው። ይህን ገንዘብ ከፊሉን ለኡዱሒያ በግ የሚፈልገው የአዲስ አበባ ገዢ ይከፍላል፤ ከፊሉን ደግሞ በጉን በርካሽ የሸጠው የጨፋ አርቢ ይከፍላል። አርቢው ከብቱን እየነዳ ቀን ሙሉ ተጉዞ የመጣ ነው፤ ይዞ ለመመለስ ይቸገራል። ስለዚህ ትልቁ ድርሻ የሚወድቀው እርሱ ላይ ነው።

አሁን መንግሥት አዲስ አበባ ላይ የበግ ዋጋ ቢቆርጥ ምን ይሆናል? 500 ብሩ መንገድ ላይ እንዳለ ነው። ነጋዴው ከሸማቹ ሊወስደው ስለማይችል ሙሉውን ከአርቢው ይቀንሳል፤ ካልሆነለትም መነገዱን ይተዋል። ዋጋ ቆረጣ ከተማ ውስጥ ደስ የሚያሰኝ ቢመስልም፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ጨፋ ላይ ያለው አርቢ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የገዢዎች ቁጥር ነው። ስጋት ሲበዛ ከሩቅ የሚመጣው ነጋዴ ይቀራል። አሥር ገዢ የነበረበት ገበያ ሁለትና ሦስት ሲቀሩት፣ እነዚያ ሦስቱ ለመመካከር ብዙ አይቸገሩም። ደላላው ከገበያው በፊት መንገድ ላይ የሚቆመውም ለዚህ ነው። አርቢው የዛሬው ዋጋ ስንት እንደሆነ ሳያውቅ፣ በዓይን ግምት፣ ያለ ሚዛን ይሸጣል። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ሽያጩ በተወሰኑ የግብይት ማዕከላት እንዲካሄድ ያዛል። ማዕከል ግን አጥር ብቻ አይደለም፤ ሚዛን፣ ውሃ፣ ጥላና የዋጋ ሰሌዳ ከሌለው አርቢው ከመንገዱ ይልቅ እዚያ የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም።

መንግሥት ይህን መሥራት እንደሚችል ማሳያ አለ። በ2000 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የጥራት ደረጃ አውጥቶ፣ በመጋዘን መዝኖ፣ የዕለቱን ዋጋ ይፋ ማድረግን አስተማረ። አረንጓዴ ማሾም በ2006 ወደዚሁ ገበያ ገባ። ምርት ገበያው የራሱ ችግሮች አሉት፤ ግብይቱ በአንድ በር ብቻ ይሁን መባሉም ሲያከራክር ቆይቷል። ማሾ የሚያመርት ገበሬ አዲስ አበባ ላይ ስንት እንደተሸጠ ሊሰማ የሚችልበት መንገድ ግን ተፈጥሯል። ፍየል ለሚያረባው ወንድሙ ይህ የለም።

ሦስተኛው ምክንያት የገንዘብ አቅርቦት ነው። አዲስ ነጋዴ ገብቶ እንዲፎካከር መነሻ ካፒታል ያስፈልገዋል። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት ዞን ደግሞ ብዙ ሰው ከወለድ ይሸሻል። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ ለማቋቋም ለዓመታት ጥያቄ ቢቀርብም፣ የተፈቀደው በመደበኛ ባንኮች ውስጥ «መስኮት» መክፈት ብቻ ነበር። በሩ የተከፈተው በ2011 ነው፤ ዘምዘም ባንክም በ2013 ሥራ ጀመረ። መንግሥት ለዚህ ዋጋ አልቆረጠም፣ በጀትም አልመደበም፤ የዘጋውን በር መክፈቱ ብቻ በቂ ነበር። በዚያው በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ከብትና ሰብል ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ ፈቅዷል። ቤትና ቦታ የሌለው አርቢ 20 ከብት ይዞ «ዋስትና የለህም» መባል የለበትም ማለት ነው። ሕጉን ከወረቀት አውርዶ ጨፋ ሮቢት ላይ በሙራባሓ ወይም በሙዷረባ መሥራት የባንኮቹ ድርሻ ነው፤ የከብቱን መለያና ምዝገባ ማመቻቸት ደግሞ የወረዳው።

በክፉ ዓመት

መንገዱ ቢከፈት፣ ሚዛኑ ቢስተካከል፣ ነጋዴው ቢበዛም የ1965ቱ ትምህርት አይሻርም። በድርቅ ወቅት አንድ ኩንታል ማሽላ ይገዛ የነበረ ፍየል ግማሹን እንኳ ላይገዛ ይችላል። እዚህ ላይ መንግሥት ገበያውን ተወው ቢባል ሕይወት ይጠፋል።

ሆኖም በዚህም ጊዜ ከገበያው ጋር መሥራት ይቻላል። በ1998 ድርቅ በሞያሌ አካባቢ በመንግሥትና በረድኤት ድርጅት አማካይነት የከብት ነጋዴዎች ከአርብቶ አደሩ ጋር እንዲገናኙ ተደረገ፤ አነስተኛ ብድርም ተሰጣቸው። ወደ 20,000 የሚገመት ከብት ሳይሞት ተሸጠ። አርብቶ አደሩ ባገኘው ገንዘብ ለቤተሰቡ እህል፣ ለቀሩት ከብቶች መኖ ገዛ። ወሳኙ ነገር ጊዜው ነበር፤ ከብቱ ከመክሳቱ በፊት መድረስ።

በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔትም ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የመግዛት አቅምን ይደግፋል። ነገር ግን በቀን 6 ብር የነበረው ክፍያ በ2000 ወደ 8 ብር ሲያድግ የእህል ዋጋ ከዚያ በብዙ ቀድሞት ነበር። ስለዚህ ተረጂው ከብሩ ይልቅ እህሉን መረጠ። ድጋፉ የገበያውን ዋጋ እየተከተለ ካልተስተካከለ ስሙ ብቻ ይቀራል።

የመሬት ውሳኔም የገበያ ውሳኔ መሆኑ አይዘንጋ። የአዋሽ እርሻዎች በ1960ዎቹ ለአፋር ያደረጉትን፣ የጨፋ ረግረግ እየታረሰ ማለቁ ነገ ለሁሉም አርቢ ሊያደርገው ይችላል። የበጋ ግጦሽ የጠፋበት አርቢ ከብቱን በማይፈልገው ጊዜ፣ በማይፈልገው ዋጋ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግጭት ገበያውንም ይዘጋዋል።

ምን እንጠይቅ?

በየስብሰባው ለሹማምንት የሚቀርበው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ዋጋ አውርዱልን» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለመመለስ ቀላል ይመስላል፤ ሱቅ ማሸግ ይበቃልና። ከላይ እንዳየነው ግን ውጤቱ ተመልሶ ደካማው ላይ ይወድቃል። ከዚህ ይልቅ መልሳቸው ሊመዘን የሚችል ጥያቄዎችን ማቅረብ ይሻላል።

በመስመሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ኬላ በየትኛው ሕግ እንደቆመ፣ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ደረሰኝ እንደሚሰጥ ይፋ ይሁን፤ ይህን ማሳየት ያልቻለው ይነሳ። ከገበያው ከሚሰበሰበው ቀረጥ የተወሰነው ተመልሶ በከብት ተራው ሚዛንና የዋጋ ሰሌዳ ይሁን፤ የሰንበቴ፣ የባቲና የአዲስ አበባ ዋጋ በገበያ ቀን ይለጠፍ። መመካከርና ማከማቸት ሲኖር ደግሞ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት በማስረጃ ይጠየቅ። ይህን ሕግ ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃሏል፤ ወረዳ ላይ ያለ ሸማች አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ በግልጽ ይነገረው። ለድርቅ ወቅት ከብት ቀድሞ የመግዣ ዕቅድ ዝናብ ከመቅረቱ በፊት ይዘጋጅ።

ለእኛም የሚተርፍ ሥራ አለ። የአገር ሽማግሌዎችና ኢማሞች በገበያ ቀን ማንም በብሔሩ ወይም በመጣበት አቅጣጫ እንዳይነካ ቃል ማስገባት፣ ያንን ቃል ከአጎራባቹ የአማራና የአፋር ሽማግሌዎች ጋር ማሰር ይችላሉ። ነጋዴው በመንገድ ላይ አርቢውን ቀድሞ መያዝ፣ በደላላ መመካከር ንግዱን ሐላል ከመሆን የሚያርቅ መሆኑን ከሚንበር መስማት አለበት። መንግሥት የሌለበትን ቦታ ሁሉ ማኅበረሰቡ ሊሞላው አይችልም፤ ሰላማዊ የገበያ ቀን ግን ያለ ማኅበረሰቡ በመንግሥት ብቻ አይመጣም።

የአረፋ ሰሞን ሲደርስ ፈተናው በግልጽ ይታያል። የጨፋ አርቢ በጉን በስንት ሸጠ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ በስንት ገዛ፣ በመካከል ያለው ልዩነት የት ገባ? ከወረዳ እስከ ፌዴራል ያለ ሹም በገበያ ውስጥ ስላለው ሚና ሲናገር በመጀመሪያ ይህን ሒሳብ ያስረዳን።